ሄልካ ለእህቷ የቀላቀለችው

በፊንላንዷ ራውማ ወደብ አጠገብ ባለው ሆቴል ባር ውስጥ ሄልካ ሳሪላን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የክሬን ሠራተኞቹ፣ የመርከብ ወረቀት የሚያመላልሱት ጸሐፊዎች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊደንሱ የሚመጡት ጡረተኞች፣ ሁሉም በስሟ እየጠሩ ነበር የሚያዟት። ረዘም ያለች፣ ፀጉሯን አሳጥራ የምትቆረጥ፣ ሳቋ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። መጠጥ ስትቀላቅል አትቸኩልም። ብርጭቆውን በበረዶ ትሞላለች፣ ቮድካውን በመለኪያ ለክታ ታፈሳለች፣ ጭማቂውን ታስከትላለች፣ በረጅሙ ማንኪያ ከታች ወደ ላይ አንዴ ታነሳዋለች፤ በቃ። "ብዙ ከነካካሽው በረዶው ይቀልጥና ውሃ ውሃ ይላል" ትላለች አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ።

ሰዉ ስለ ውፍረት መጨነቅ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ አንድ ጥያቄ አልለይ ብሏት ነበር።

"ሄልካ፣ የማያወፍረው የትኛው ነው?" አላት አንድ ቀን ኡርፖ። ኡርፖ የወደቡ ክሬን ነጂ ነው፤ ሆዱ ከባንኮኒው ቀድሞ ይደርሳል።

"ውሃ።"

"እሱማ ቤቴም አለ።"

"እንግዲያው ስማኝ። ቮድካው ያው ቮድካ ነው፤ ውዱም ርካሹም አንድ መለኪያው ዘጠና ካሎሪ ገደማ ነው። በሶዳ ከጠጣኸው እዚያው ላይ ይቆማል። ቶኒክ ካልከኝ ግን መራራ ነው ብለህ እንዳትሸወድ፣ ውስጡ ስኳር ሞልቶበታል። በብርቱካን ጭማቂ ካልክም ያው ነው። ክሬም ያለበትን ያዘዝክ እንደሆነ ደግሞ እራትህን ጠጣህ ማለት ነው።"

"በይ እራቴን ስጪኝ።"

"የሱሪህ ቁልፍ ምን ይልሃል?"

"እሱ ከትናንት ወዲያ ተሰናብቶኛል" አለ ኡርፖ፤ ባሩ በሳቅ ተሞላ።

ሄልካም ፈገግ አለች። ባር ውስጥ ሰው ደስ ሲለው ደስ ይላት ነበር። ሰክሮ ሲንገዳገድ ግን አትወድም። ዓይኑ የፈዘዘ ሰው ሁለተኛ ከመጠየቁ በፊት ብርጭቆውን በቀስታ ታነሳና የቡና ስኒ ታስቀምጥለታለች። ለምን እንደሆነ የጠየቃት የለም። የሚያውቅ ሰው ቢኖር እህቷ ኢርያ ብቻ ናት፤ ከኢርያ ጋር ደግሞ አይነጋገሩም ነበር።

አባታቸው ቪልሆ የወደብ ጫኝና አውራጅ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰው ሁለት እጅ ሁለት እግሩን ይዞ ነው፤ ሰው ሁሉ ዕድለኛ ነህ ይለዋል። በአንድ የየካቲት ጠዋት ግን ከወደቡ ወደ ቤት በሚያመጣው መንገድ ዳር፣ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ደረቀ ተገኘ። ጠርሙሱ ከካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነበር። ሄልካ ያኔ ትምህርት ቤት ገና መግባቷ ነው። ኢርያ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ነበረች፤ ትምህርቷን ትታ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ተቀጠረች። ትንሿን እህቷን አበላች፣ አለበሰች፣ ጡረታ እስክትወጣም ድረስ በዚያው ወጥ ቤት የከተማውን ልጆች ስታበላ ኖረች። ባል አላገባችም። እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት ትሄዳለች። አልኮል የሚባል ነገር በከንፈሯ አልፎ አያውቅም።

ያች ትንሽ እህት አድጋ ባር ስትቀጠር ኢርያ አልጮኸችም። እናታቸው የተቀበረች ዕለት ግን፣ ለቀስተኛው ተበትኖ ሁለቱ ብቻ ሳህን ሲያጥቡ፣ እጇን እየጠራረገች "ለሌላ ሰው አባት እየቀዳሽ ስንት ዓመት ሆነሽ?" አለቻት። ሄልካ የያዘችውን ፎጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ በኋላ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ድልድይ ግራና ቀኝ እየኖሩ፣ ገበያ ላይ ሲገናኙ ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ያልፋሉ። ይኸው ነበር ዝምድናቸው።

አንድ የመስከረም መጨረሻ ጠዋት ስልኳ ጮኸ።

"ኢርያ ነኝ።"

"ማን?"

"እህትሽ ነኛ። ሌላ ኢርያ ታውቂያለሽ?"

ሄልካ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አንጀቴ ላይ ካንሰር ነው አሉኝ" አለች ኢርያ፣ ስለ አየሩ እንደምታወራ። "መድኃኒቱን ሞከሩት፣ አልሆነም፤ አሁን ትተውታል። እሱ የእግዜር ጉዳይ ነው። የደወልኩልሽ ለሌላ ነገር ነው። አፌ ተበላሽቷል። የምቀምሰው ሁሉ ሚስማር ሚስማር ይለኛል። ጎረቤቴ ሾርባ ታመጣልኛለች፣ ሄዳ ስታበቃ እደፋዋለሁ። ምግብ ደፍቼ የማላውቅ ሰው! አንቺ መቅመስ ታውቂበታለሽ ይላሉ። ከቻልሽ ነይ። ካልቻልሽም ግድ የለም።"

ሄልካ ያን ዕለት ከሥራ በቀጥታ ሄደች። በሩን የከፈተችላት ኢርያ በግማሽ አንሳለች፤ ሹራቧ እንደ ተሰቀለ ልብስ ወርዶባታል። ሰላምታ ሳትሰጥ "ካፖርትሽን እዚያው ደረጃው ላይ ተዪው" አለቻት።

ሄልካ ፊቷ ጋለ። ይኸው ደግሞ ጀመረች፣ አለች በሆዷ። ተመልሳ ልትሄድ እጇን የደረጃው ብረት ላይ አሳርፋ ነበር። ነገር ግን እህቷ በሩን ለመያዝ እንኳ ግድግዳ ደገፍ ማለቷን አየች። ካፖርቷን አውልቃ ብረቱ ላይ ሰቀለችና ገባች።

በሚቀጥሉት ቀናት የኢርያ ወጥ ቤት እንደ ባር ባንኮኒ ሆነ። ሄልካ ትንንሽ ብርጭቆዎች ደርድራ አንድ በአንድ ታስቀምሳታለች። ጣፋጩ አስጠላት። ትኩሱ ሽታው ብቻ ከጠረጴዛው አስነሳት። የብረት ማንኪያው ራሱ አፏ ውስጥ ያለውን የብረት ጣዕም እንደሚያብስባት ያወቁት ኢርያ በድንገት በእንጨት ማንኪያ ስትቀምስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ብረት የሚባል ከጠረጴዛው ተነሳ። ቀዝቃዛ ነገር ተሻለ። ኮምጣጣ ደግሞ የበለጠ ተሻለ።

"ባር ውስጥ መጠጥ ሲመርብኝ የማደርጋት ነገር አለች" አለች ሄልካ። "ጨው። በጣት ጫፍ ቁንጥር። ጨው ጨው እንዲል አይደለም፤ ምሬቱን አፍኖ ሌላውን ጣዕም ይገልጠዋል።"

"ለልጆቹ ገንፎ ላይ እኔም ጨው ጣል አደርግ ነበር" አለች ኢርያ። "አንቺ ፈጠርሽው እንዴ?"

"አልፈጠርኩትም። ከማን እንደተማርኩት ግን አሁን ገባኝ።"

ሄልካ ከረግረጉ የሚለቀመውን ካርፓሎ የሚሉትን ቀይ ኮምጣጣ ፍሬ ጨምቃ፣ ትንሽ ማር አሟሟችበት፣ ቁንጥር ጨው ጣል አደረገች፣ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ቀጥቅጣ ደቃቁን አፈሰሰችበት። ኢርያ በእንጨት ማንኪያ ቀመሰችው። አፏ ውስጥ ይዛው ቆየች።

"ካርፓሎ ነው" አለች።

"ካርፓሎ ነው።"

"አውቄዋለሁ እኮ። አፌ አወቀው።" ማንኪያውን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሄልካም የማያስፈልገውን ብርጭቆ ሁሉ ማጠብ ጀመረች።

ኢርያን ቤቷ ድረስ እየመጣች የምታክማት ነርስ ሳይላ ትባላለች፤ ገና ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ነገሯ ግን ቀጥ ያለ። ሄልካ በኩራት ያን ቀይ ብርጭቆ አሳየቻት።

"በጣም ጥሩ ነው" አለች ሳይላ። "ግን አቅም አይሆናትም። ክብደቷ እየወረደ ነው፤ ብዙ ካሎሪ በትንሽ መጠን የሚሰጣት ነገር ነው የምፈልገው። ሆዷ ብዙ አይዝም።"

"ለዚያስ እኔ አለሁ" አለች ሄልካ። "አልኮል ከቅባት ትንሽ ነው የሚያንሰው። የቡና ማንኪያ ቮድካ እያደረግኩ—"

"አይሆንም። እዚያ ላይ ተሳስተሻል።" ሳይላ ቦርሳዋን አስቀመጠች። "ካሎሪ አለው፣ እውነት ነው፤ ግን ባዶ ነው። ሰውነት አያስቀምጠውም፣ ሥጋም አይሠራበትም። ጉበቷ ሌላውን ሥራ ትቶ እሱን ሲያቃጥል ይውላል። አንቺ ስኳርና ቅባት ነው የምታውቂው፤ ቅባቱን ስጫት። ክሬም፣ የወተት ዱቄት፣ ጥሩ ዘይት። ጠብታ ጠብታ እያደረግሽ፣ ቶሎ ቶሎ።"

ሄልካ አልተከራከረችም። ባር ቆማ ለሰው ሁሉ ስትቆጥርለት የኖረችውን ነገር ግማሹን ብቻ ታውቅ እንደነበር ገባት። በዚያ ሳምንት ለደንበኞቿ በቮድካ፣ በቡና አረቄና በክሬም የምትሠራውን መጠጥ አንስታ ቮድካውን አወጣችለት፤ አረቄውንም አወጣችለት። በቦታው ቀዝቃዛ ቡና፣ ማር፣ የወተት ዱቄትና ወፍራም ክሬም ገባ። ያቺ የጨው ቁንጥርም ገባች። ሰው እንዳይወፍር ስትመክር የኖረች ሴት አሁን ትንሿን ብርጭቆ እንዴት አድርጋ እንደምታከብዳት ሌት ተቀን ታስብ ጀመር። ከላይ ሲያዩት ቀላል የሚመስል፣ ውስጡ ግን ምሳ የሆነ ነገር።

ኢርያ ጠጣችው። መጀመሪያ ግማሹን፣ በኋላ ሙሉውን። ከገና በፊት ባሉት እሑዶች አንዱን በሄልካ ክንድ ተደግፋ ጸሎት ቤት ሄደች። ሄልካ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ የእህቷን ቀጭን አንገት ስታይ ቆየች። መዝሙሩን ረስታዋለች፤ የኢርያ ድምፅ ግን ከሌላው ተለይቶ ይሰማት ነበር።

ከገና በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ክሬሙም ቢሆን አልወርድ አለ። ሳይላ የሕመም ማስታገሻውን ከፍ አደረገች፤ አልጋው ከመኝታ ክፍል ወደ ሳሎን መጣ፣ መስኮቱ አጠገብ። ኢርያ አብዛኛውን ጊዜ ትተኛለች። ከነቃች ግን ንግግሯ እንደ ድሮው ነው።

አንድ የየካቲት ከሰዓት፣ ፀሐይዋ በረዶው ላይ ወድቃ ክፍሉን በብርሃን ሞልታው ሳለ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትስቂብኝ" አለች።

"አልስቅም።"

"ቮድካ ልቅመስ።"

ሄልካ አልሳቀችም። የያዘችውን ትራስ አስቀመጠች። "አንቺ?"

"እኔ። ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልቀመስኩትን ነገር ስጠላ ኖርኩ። አባባን የወሰደው ምን ዓይነት ጣዕም እንደሆነ ሳላውቅ ልሄድ አልፈልግም።"

"ኢርያ፣ ይቅርብሽ። ጥሩ ነገር አይደለም።"

"ይኼን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ?" አለች ኢርያ፤ ዓይኗ ላይ ትንሽ ሳቅ ነበረ። "ደንበኛ ሲያዝሽ እንዲህ ነው የምትመልሺ?"

ሄልካ ሳይላን ጠየቀች። ሳይላም ሐኪሙን ጠየቀችና በማግስቱ መልሱን ይዛ መጣች፤ ከማስታገሻው ሰዓት ራቅ ተደርጎ፣ ከንፈር ለማራስ ያህል ብቻ። "ከዚህ በኋላ የምትፈልገውን መከልከል የእኔ ሥራ አይደለም" አለች፣ ደረጃው ላይ ቆመው።

ሄልካ ጠርሙሱን ከሆቴሉ አላመጣችውም። ሱቅ ሄዳ ትንሹን ገዛች፤ መጠጥ ስትሸጥ እንጂ ስትገዛ ኖራ ስለማታውቅ ደንገጥ አለች። እህቷ ቤት ስትገባ ጠርሙሱን እጇ ውስጥ ደብቃው ነበር፣ ለምን እንደሆነ ለራሷም ሳይገባት።

"በካርፓሎ ልቀላቅልልሽ?"

"መጀመሪያ እንዲሁ። እሱ እንደጠጣው።"

ሄልካ ቀዝቃዛውን ቮድካ በትንሿ ብርጭቆ፣ ከታችዋ ብቻ አፈሰሰች። ጭንቅላቷን ደግፋ አቀመሰቻት። ኢርያ ዓይኗን ጨፈነች። ተንገፈገፈች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ምላሷን አፏ ውስጥ አዟዟረች፣ ወጥ እንደምትቀምስ ወጥ ቤት ሠራተኛ።

"ያቃጥላል" አለች። "ከዚያስ?"

"ከዚያ ምንም።"

"ምንም ጣዕም የለውም?"

"የለውም። ሲያጣሩት የሚደክሙትም ለዚሁ ነው፣ ምንም ምንም እንዳይል። ጣዕሙ የሚመጣው ከሚቀላቀለው ነው።"

ኢርያ ብርጭቆዋን አየቻት። "ይኼ ነው? ይኼ ባዶ ነገር? እኔ እኮ... አንድ የሚያታልል ጣፋጭ ነገር ነው ብዬ ነበር የማስበው። ከእኛ የሚበልጥበት። ከእማማ፣ ከእኔ፣ ከአንቺ የሚጣፍጠው።"

ሄልካ የእህቷን እጅ ያዘች።

"እንግዲያው ለጣዕሙ አልነበረም" አለች ኢርያ። "አንቺ ትንሽ ስለነበርሽ አታስታውሺም። እንቅልፍ ላይ ይጮህ ነበር። የሰዎች ስም እየጠራ፣ ተነሱ ተነሱ እያለ። እማማ እኔንና አንቺን ወጥ ቤት ታስተኛን ነበር፣ እንዳንሰማው ብላ። ሲጠጣ ብቻ ነበር የማይጮኸው።"

"ይኼን አንድም ቀን ነግረሽኝ አታውቂም።"

"ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

ሄልካ በአሉታ ራሷን ነቀነቀች። አባቷን የምታስታውሰው በትከሻው ተሸክሟት መርከብ ሲያሳያት ብቻ ነው፤ ሌላው የሰው ወሬ ነበር።

ከዚያም ካርፓሎውን ቀላቀለችው፤ ማር፣ ደቃቅ በረዶ፣ የጨው ቁንጥር፣ ከቮድካው ጥቂት ጠብታ። ኢርያ ቀመሰችና "ይኼ ይሻላል" አለች። "የቮድካው አይደለም ግን። የካርፓሎው ነው።" ትራሷ ላይ ጋለል አለች። "ያን ካፖርትሽን..."

"ካፖርቴን ምን?"

"መጀመሪያ የመጣሽ ዕለት ደረጃው ላይ ተዪው ያልኩሽ። ተቀይመሽኛል፤ አይቼሻለሁ። በሥራሽ ያፈርኩ መስሎሽ ነው። ሽታው ነው፣ ሄልካ። ትንባሆ፣ የባሕር እርጥበት፣ ይኼ ነገር። የእሱ ካፖርት ሽታ ነው። ያን ጠዋት ያለበሱኝ ካፖርቱን ነበር፤ በረዶው ውስጥ ሮጬ የሄድኩት በሌሊት ልብሴ ነበርና። ይኼን ሁሉ ዓመት አንቺ በአጠገቤ ባለፍሽ ቁጥር እሱ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።"

ሄልካ አልጋው ዳር ላይ ቁጭ አለች። ስንት ዓመት ገበያ ላይ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲተላለፉ የኖሩት ለዚህ ነበር? ልትቆጣ ፈለገች፤ በማን እንደምትቆጣ አጣች። ግንባሯን የእህቷ ብርድ ልብስ ላይ አሳርፋ አለቀሰች። ኢርያ ፀጉሯን ዳሰሰቻት፤ "አሳጠርሽው አይደል? ረጅሙ ያምርብሽ ነበር" አለቻት።

ኢርያ ሳሪላ በመጋቢት፣ የባሕሩ በረዶ መሰነጣጠቅ በጀመረበት ሰሞን ዐረፈች። ሄልካ አጠገቧ ነበረች። ከንፈሯን በካርፓሎ በረዶ እያራሰችላት ነበር፤ ሳይላ እጇን ትከሻዋ ላይ እስክታሳርፍ ድረስም ማራሷን አላቆመችም።

ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቡናና ኬክ ቀረበ። አንዲት የጸሎት ቤቱ አሮጊት ወደ ሄልካ ቀረብ ብላ ከታች እስከ ላይ አየቻት።

"አንቺ ነሽ ያች መጠጥ ቤት ያለሽው?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለች ሄልካ፤ ምን ሊከተል እንደሚችል እያሰበች።

"እኛ ያመጣንላትን ሾርባ ሁሉ መለሰችብን። 'እህቴ የሠራችውን ብቻ ነው የምጠጣ' ትለን ነበር። ምነው ይኼን ያህል ሞገደኛ ሆነች እያልን አማናት።" አሮጊቷ መሐረቧን አወጣች። "ነፍሷን ይማርልሽ፣ ልጄ።"

ሄልካ ወደ ባሩ ተመለሰች። ኡርፖ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ጠበቃት፤ ያን ቀን አንድም ቀልድ አልቀለደም። ባለሶዳውን አዞ ቀስ ብሎ ጠጣና "እናቴ ስትሞት እኔም ሳምንት ሙሉ አፌ ውስጥ ምንም አይገባልኝም ነበር" አለ። ሄልካ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ባንኮኒውን ወለወለች። ያን ዕለት ከሰዓት አንዲት ሴት የማያወፍረው የትኛው ነው ብላ ጠየቀቻት፤ ሄልካም ሁሉንም በየተራ አስረዳቻት፣ በመጨረሻ ግን ከድሮው አንድ ነገር ጨመረች። "ቮድካው ራሱ ባዶ ነው፤ አያጠግብሽም" አለች። ሴትየዋ ስቃ ባለ ቶኒኩን አዘዘች።

ሄልካ ጡረታ ስትወጣ ሳይላ ደወለችላት። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የማይድኑ ሕሙማን ማረፊያ ነበር የምትሠራው አሁን። "አፋቸው የተበላሸባቸው ሰዎች አሉ" አለች። "ስለ ክሬሙ እኔ ልነግራቸው እችላለሁ። እንዲጠጡት ማድረግ ግን አልቻልኩበትም።"

ሄልካ የእንጨት ማንኪያዎች ይዛ ሄደች። መጀመሪያ የገባችው የመርከብ መካኒክ የነበረ ሽማግሌ ዘንድ ነው። ኦይቫ ይባላል፤ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተኝቷል፣ ከማንም ጋር አይነጋገርም ብለዋታል። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ምን ዓይነት ጣዕም ይወድ እንደነበር ጠየቀችው። አልመለሰም። እሷም አልተነሳችም። በመስኮቱ የጥድ ዛፎቹ ይወዛወዛሉ።

"በጭስ የበሰለ ዓሣ" አለ ቆይቶ፣ ፊቱን ሳያዞር። "እሱን ደግሞ በብርጭቆ አታመጪልኝም።"

"እንጃ" አለች ሄልካ። "እስቲ ልሞክር።"